ከፖሟ ሥር የተበተነ ዝክር

አዜብ ዳቦ ጥላ አታውቅም። ከእጇ ያመለጠች ፍርፋሪ እንኳ ብትሆን አንስታ፣ ስማ፣ ሰው የማይረግጣት ቦታ ታኖራታለች። ስዊድን ከገባች ሠላሳ ምናምን ዓመት ሆኗታል። ሻርሆልመን በሚባለው ሰፈር ባለው ቤቷ ለምግብ ትርፍራፊ የተሰጣት ቡናማ የወረቀት ከረጢት ግን የድንችና የሽንኩርት ልጣጭ እንጂ ዳቦ አይቶ አያውቅም። ግትርነት ነው የሚል አይጠፋም። ይበል፤ እሷ ያደገችው እንደዚያ ነው።

ባሏ ገብረመድህን ባለፈው ዓመት ሲሞት በኑዛዜው መሠረት አስከሬኑ አዲስ አበባ ተልኮ ከእናቱ አጠገብ ተቀበረ። ለእሱ ደግ ሆነለት፤ ለአዜብ ግን ሄዳ የምታለቅስበት መቃብር አልቀረላትም። የቀረላት ከሕንፃው ጀርባ፣ ከግቢው ጥግ የቆመች አንዲት የፖም ዛፍ ናት። ልጃቸው ናዝሬት የተወለደች ዓመት፣ አከራዩ ድርጅት ለተከራዮች ችግኝ ሲያድል፣ ገብረመድህን በእጁ ተከላት። ቀኑን ሙሉ ሜትሮ የሚሉትን የከተማ ባቡር ሲነዳ ውሎ ይመጣና የሥራ ልብሱን ሳያወልቅ ውኃ ያጠጣት ነበር። እሱ ከሞተ ወዲህ አዜብ በየቀኑ እየወረደች ከዛፏ ሥር ያለው አግዳሚ ላይ ትቀመጣለች። ታወራዋለች፤ ሲብስባት ደግሞ ጥለኸኝ ሄድክ ብላ ትወቅሰዋለች።

በየወሩ ያረፈበት ቀን ሲመጣ ድፎ ዳቦ ትጋግራለች፤ ስለ ነፍሱ ለነዳያን የሚሰጥ። ግን እዚህ አገር ነዳያን ከየት ይምጡ? ቤተ ክርስቲያን ብትወስደው ምእመኑ ጥጋበኛ ነው፤ ግማሹ ስኳር አለብኝ ይላል፣ ግማሹ ለወጉ ቆንጥሮ ነፍስ ይማር ብሎ ያልፋል። ሜትሮው ጣቢያ በር ላይ የምትለምን አንዲት የሮማንያ ሴት ነበረች፤ ዳቦውን በሁለት እጇ ነበር የምትቀበላት። እሷም አንድ ቀን ከቦታዋ ጠፋች፤ የት እንደገባች የነገራት የለም። አዜብ መላ ሲጠፋት፣ ወፍስ የእግዜር ፍጥረት አይደለም ወይ አለችና ዳቦውን እየፈረፈረች ከፖሟ ሥር ትበትን ጀመር። እርግቡም ቁራውም ሲወርድ እያየች ልቧ ትንሽ ይረጋል። እሷ ወደ ቤቷ ከገባች በኋላ ማን እንደሚመጣ ግን አላየችም።

አይጦቹን መጀመሪያ ያዩት ጎረቤቶች ናቸው። አቤቱታው ሲበዛ አከራዩ ተባይ የሚያጠፋ ባለሙያ ላከ። የመጣው ዕንባቆም የሚባል፣ ከአዲስ አበባ ከመጣ ጥቂት ዓመት የሆነው ጎልማሳ ነበር። በየጥጉ ጥቁር የወጥመድ ሳጥን አኖረ፤ የገባ አይጥ የለም። ከዛፏ ሥር ተንበርክኮ ጉድጓዱን ሲመረምር አንድ የዳቦ ቁራሽ አገኘ። ገልበጥ ቢያደርጋት ጀርባዋ ላይ የሙዝ ቅጠል መስመር ታትሞባታል። ኮባ በሌለበት አገር የሙዝ ቅጠል አንጥፎ ድፎ የሚጋግር ማን እንደሆነ ለእሱ አይነገረውም። የሕንፃው ደጃፍ ላይ ያለውን የተከራዮች ስም ሰሌዳ አነበበና ወጥቶ የአዜብን በር አንኳኳ።

አማርኛ ሲናገር ስትሰማ መጀመሪያ ደስ አላት፤ የመጣበትን ሲነግራት ደግሞ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ተመኘች።

“እትዬ፣ አይጥ ሩቅ አትሄድም” አላት። “በተወለደችበት ግቢ ኖራ፣ ወልዳ፣ እዚያው ትሞታለች። አዲስ ነገር ደግሞ ትፈራለች። የለመደችውን ምግብ እያገኘች የማታውቀው ሳጥን ውስጥ ለምን ትግባ?”

“እኔ እኮ ለወፍ ነው የምሰጠው።”

“ለወፍ መሆኑን እሷ አታውቅም፣ እትዬ።”

የሚቀጥለውን ሲነግራት ዓይን ዓይኗን ማየት አቃተው። ሥሩ ጎሬ፣ አግዳሚው መጠለያ፣ የረገፈው ፖም ቀለብ ሆኗቸዋል፤ ዳቦው ሲጨመር ቦታውን የሚለቁበት ምክንያት የላቸውም። አከራዩ ለምርመራ የሚልካቸው ሰዎች አይጥ ካገኙ ዛፏ ትነሣና ጉድጓዱ ተቆፍሮ ቦታው ጠጠር ይለብሳል ተብሎ ተወስኗል። ስሟን ለማንም እንዳልተናገረ፣ እንደማይናገርም ነገራት። የለመናት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ምርመራው እስኪያልፍ ድረስ አንዲት ፍርፋሪ እንዳትወድቅ። አዜብ በሚካኤል ስም ቃል ገባችለት።

ቃሏንም ጠበቀች። ጉልበቷን እያመማት ጎንበስ ቀና እያለች የረገፈውን ፖም በባልዲ ለቀመች። ያ የወሩ ዳቦ ሳይበተን ቀረ። አይጦቹም ሲርባቸው ሳጥኑን ይደፍሩ ጀመር። ዕንባቆም ሊያይ በመጣ ቁጥር ወደ መስኮቷ ቀና ብሎ አውራ ጣቱን ያሳያታል፤ እሷም እጇን ታውለበልብለታለች። ዛፏ ልትተርፍ ነው።

ከዚያ ሙት ዓመቱ ደረሰ። እሑድ ላይ ዋለ፤ ምርመራው ሰኞ ነው። አዜብ ከወትሮው የሚተልቅ ድፎ ጋግራ ቤተ ክርስቲያን ወሰደች፤ ፍታቱ ተደረገ፣ ሰዉ እንደ ልማዱ ቆነጠረ፣ ከግማሽ የሚበልጠውን ይዛ ተመለሰች። ናዝሬት ከምትኖርበት ከኡፕላንድስ ቬስቢ ደውላ፣ ፍሪዘር ውስጥ ክተቺው አለቻት በስዊድንኛ። ከተተችው። በሩን ዘግታ ተቀመጠች፤ መቀመጡም አቃታት። ዓመት ሙሉ ስታስብለት ኖራ በሙት ዓመቱ ቀን የነፍሱ ድርሻ ከቀዘቀዘ ዓሣ ጋር ተቆልፎ ይዋል? አንጀቷ እንቢ አለ። ገና እኩለ ቀን ነው፣ ወፎቹ ሳይመሽ ይጨርሱታል ብላ ራሷን አሳመነች። አንድ ቀን ምን ያመጣል? ሚካኤልን ይቅር በለኝ ብላ ወረደችና በተነችው። ወዲያው ዝናብ ጣለ። አንድም ወፍ አልወረደም።

ጠዋት መርማሪዎቹ ሲመጡ በመስኮት ታያለች። በጠራራ ብርሃን፣ ሰው አጠገባቸው ቆሞ፣ አይጦቹ የራሰውን ዳቦ ይበላሉ። አንዷ ከራሷ የሚበልጥ ቁራሽ እየጎተተች ወደ ጉድጓዷ ገባች። ዕንባቆም ከሰዎቹ ኋላ ቆሟል። ወደ መስኮቷ ቀና አለ፤ ጣቱን አላሳያትም። አንገቱን ደፋ።

ዛፏን የቆረጡ ቀን ናዝሬት ከሥራ ቀርታ መጣች። እናቷን አቅፋ፣ ሌላ ዛፍ ይተክላሉ እኮ አለቻት፣ አሁንም በስዊድንኛ። አዜብ ቋንቋውን ባላውቀው ብላ ተመኘች። መጋዙ ብዙ አልቆየም፤ ሠላሳ ዓመት የተጠጋት ዛፍ ያን ያህል በቶሎ ትወድቃለች ብላ አላሰበችም ነበር። ከዚያ መቆፈሪያው ሥሩን ነቀለው፤ እሷም ሹራቧን ደርባ ወረደች። ዕንባቆም ከጉድጓዱ አጠገብ ቆሟል።

ከሥሩ ውስጥ ጎድጎድ ያለ ቤት ነበር። በአንድ በኩል የደረቀ ዳቦ ተከማችቷል፤ የሙዝ ቅጠሉ መስመር በየቁራሹ ላይ ይታያል። በሌላው በኩል ፀጉር ያላወጡ፣ ዓይናቸውን ያልገለጡ ልጆች ተደራርበው ይንፈራገጣሉ። ልትረግማቸው አስባ ነበር የወረደችው፤ አፏ እንቢ አላት። የገብረመድህንን ዝክር ዓመት ሙሉ የበሉ እነዚህ ናቸው፤ ለካ ነዳያኑ እነሱ ነበሩ። እነሱንም ያስፈጀቻቸው እሷው ናት።

“ዕንባቆም፣ ወፎቹ ምንም አልደረሳቸውም?”

“ደርሷቸዋል፣ እትዬ። ብዙውን የበሉት እነሱ ናቸው።”

ለእሷ ብሎ እንደዋሸ አወቀች። እንዳታይ ፊት ለፊቷ ቆመ፤ ከጀርባው የአካፋው ድምፅ ተሰማ።

በወሩ ያ ቀን ሲመጣ እጇ ልማዱን አልተወም፤ ጋገረች። ከቤተ ክርስቲያን የተረፈውን ይዛ ግቢው ወረደች። የዛፏ ቦታ ላይ ጠጠር ተነጥፏል፤ አግዳሚውም ተነሥቷል። ቁራ እንኳ የለም። የምትቀመጥበት ብታጣ ቆማ ቆየችና ተመልሳ ወጣች። ወጥ ቤት ገብታ ዳቦውን ሳመችው። ግንባሯን አስነካችው፤ እንደገና ሳመችው። ከዚያ ቡናማውን ከረጢት ከፍታ፣ ከድንች ልጣጩ ላይ ቀስ ብላ አስቀመጠችው።

“ገብሬ፣ አፉ በለኝ” አለች፤ ከረጢቱንም አጠፈችው።