በወረቀት ያልሞተ አባት

«የአሚራ አባት የታለ?»

ከረኮባው፣ ከሣር ዳሱ ጥላ ሥር የተቀመጡት ለቀስተኞች ተያዩ። ጠያቂው ከሱዳኗ ገዳሪፍ ማሕከማ የመጣ መልእክተኛ ነው፤ የገባበት ቤት ፍርድ ቤት ሳይሆን ለቅሶ ቤት መሆኑን እንኳ ልብ አላለም። ወረቀቱን እያራገበ ደገመ፦ «የአሚራ ሙዘይን አባት!»

ዙፋን ከሰሌኑ ላይ ቀና አለች። ባሏን ካሣን ከቀበሩ ገና ሁለተኛ ቀናቸው ነው። በዚህ ቤት ያለችው ልጅ ሐመልማል ናት፤ የካሣ ልጅ፣ የዘጠኝ ዓመት። አሚራ የምትባለው በትምህርት ቤት ወረቀት ብቻ ነው።

ለቀስተኛውን በሻሂ ሲያስተናግድ የዋለው ጎረቤታቸው ሙዘይን ትሪውን አስቀመጠ።

«እኔ ነኝ» አለ።

የካሣ ታላቅ እህት ማሬ ከመተማ ስታለቅስ መጥታ ድምጿ ተዘግቷል። አሁን ግን ተከፈተላት። «ጉድ በል ጎንደር! ወንድሜ የሰው ልጅ አቅፎ ኖሯል በዪኛ?»

«እትዬ ማሬ፣ ልጅቷን እዪያት እንጂ! ግንባሯ የማን ነው?»

«ግንባር አይፈርምም፣ ዙፋን።»

ዙፋን የምዝገባውን ቀን አሰበች። ከሦስት ዓመት በፊት ካሣ ልጁን ትምህርት ቤት ሊያስመዘግብ ሄዶ የመኖሪያ ፈቃድ ተጠየቀ። ጠረጴዛውን በጡጫ መታው። «ዐሥራ አንድ ዓመት ሰሊጣችሁን ሳጭድ ወረቀት የጠየቀኝ ማን ነው?» በዘበኛ ተገፍትሮ ወጣ። እውነቱን ነበር፤ ጉልበቱን ሲወስዱ ማንነቱን ያልጠየቁት፣ ልጁ ፊደል ልትቆጥር ስትል ማንነቱ ትዝ አላቸው። ማታውን ሙዘይን መጣ። «ወላሂ፣ ስድስት ሴቶች አሉኝ፤ ሰባተኛዋ ምን ትጎዳኛለች?» አሚራ ብሎ በስሙ አስመዘገባት። ካሣ እሺ አለ፤ ሦስት ቀን ግን እህል አልቀመሰም። ከዚያ ወዲህ ነገሩን አንስቶት አያውቅም። «የረሳው መስሎኝ ነበር» አለች።

«አልረሳም» አለ ሙዘይን፣ አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ። «ሕመሙ ሲጠናበት ስሟን ሊያስመልስ ከሰሰኝ። ‹ለዙፋን አትንገራት፤ ሲፈረድልኝ እኔ እነግራታለሁ› አለኝ። ቀጠሮው ነገ ነው። ካልቀረብን መዝገቡ ይዘጋል።»

በማን ትናደድ? በደበቃት ሙት? በሚያጽናናት ጎረቤት? ልጇን ይዛ አገሯ ልትገባ ቆርጣለች፤ ግን በዚህ ወረቀት የሙዘይንን ልጅ ድንበር ማን ያሻግራታል?

«ነገ ሣልስቱ ነው» አለች ማሬ። «ሐዘንተኛ ሣልስት ጥሎ ደጅ ይወጣል?»

ዙፋን ጠዋት ነጠላዋን አደግድጋ፣ ልጅቷንም አስደግድጋ ወጣች። ማሬ እያጉረመረመች ተከተለቻቸው።

በማሕከማው ዳኛው መነጽሩን ከፍ አደረገ። «አባቷ የት አለ?»

«ከትናንት ወዲያ ቀበርነው» አለ ሙዘይን።

«ወረቀቱ አንተ ነህ ይላል። አንተ ደግሞ ቆመሃል።»

ጸሐፊው ሳቀ። ዙፋንንም ሳቅ መጣባት፤ ከጉሮሮዋ ሲወጣ ግን ልቅሶ ሆነ። የትኛው እንደ ጀመራት አላወቀችም።

«ከሳሽ ስለ ሞተ አንተ ካድካት ብቻ ነው ስሟ የሚመለሰው» አለ ዳኛው። «ከካድክ ደግሞ በሐሰት አስመዝግበሃል፤ ትጠየቅበታለህ።»

ሙዘይን ልጅቷን አየ። «እጠየቃለሁ።»

አውራ ጣቱን በቀለም ነክረው «አባቷ አይደለሁም» ከሚለው ጽሑፍ ሥር አስደገፉት። ማሬ አንገቷን ደፋች።

በረንዳው ላይ ሐመልማል እንደ አጎቷ የምትጠራውን የሙዘይንን እጅ ያዘች። «ዐሚ፣ አሁን አንተም ሄድክ?»

ልጅቷ የሐዘን ነጠላዋን ጫፍ በምራቋ አርሳ አውራ ጣቱን ትፈትግ ጀመር።

«ተዪው ልጄ፣ አይለቅም» አላት።

አልተወችም። ዙፋን እንደ ቆመች አየቻት፤ ከዚያ አጎንብሳ የራሷን ነጠላ ጫፍ አረጠበችና አቀበለቻት።