የጨዋው ልብ

ልጅቷን አባቷ «ሬዲዮ» ነው የሚላት፤ ማጥፊያው የተሰበረ ሬዲዮ። ውሻውን ግን «ጨዋው» ይለዋል። ሲጠራው ራሱ ድምፁ ይለሰልሳል።

«ምናለ እንደሱ ብትሆኚ?» ይላታል ጠዋት ማታ።

«እንደሱ ተጋድሜ ልዋል? እሺ አባዬ፣ ቁርሴን እዚሁ አምጣልኛ!»

ምላሷ መቼ ታጥፎ ያውቃል!

ሥራቸው ውሻ ማርባት ነው። አያቷ ጀመረው፣ አባቷ ወረሰው፣ ትምህርቱ እሷን ሲተዋት (እሷ ናት እንዲህ የምትለው) እሷም ገባችበት። የሚያረቡት አንድ ዘር ብቻ ነው፤ እግሩ ረጅም፣ ጠጉሩ ግራጫ፣ ጆሮው የተንጠለጠለ። ገዢ የሚሻማው ለጨዋነቱ ነው። ዘር የሚሆነው ሲመረጥ አባቷ ከአያቷ የተማረው ዘዴ አለው። ቡችሎቹን ግቢው ውስጥ ይለቅና ሲሯሯጡ፣ ሲነካከሱ ቆሞ ያያል። ከሁሉም ቀድሞ ጨዋታውን ትቶ ጥላ ስር የሚጋደመውን ብድግ ያደርገዋል። «ይሄ ነው የሰው ልጅ!» ይላል፤ ውሻ መሆኑን ረስቶት።

ባለፈው ክረምት ሁለት ውሾች በየገዢዎቻቸው ቤት ሲሮጡ ወድቀው በዚያው ቀሩ። ሦስተኛው እዚሁ ደጃፍ ላይ፣ ምግቡን ሳይጨርስ ክልትው አለ። የእንስሳት ሐኪሟ ሬሳውን ከፍታ አየችው። በዚህ ዘር ላይ የሚታየውን የልብ በሽታ የምታጠና ሴት ናት።

«ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወርድ ነው» አለች። «ሁሉንም አምጧቸውና እንያቸው። ጤነኛ ከተገኘ ዘሩ ከሱ ይቀጥላል። ካልተገኘ ግን ከእንግዲህ ማስወለድ ግፍ ነው።»

አባቷ አላስወልድም ብሎ ቃል ገባ። ቃሉን አያጥፍም፤ ክፋቱ እሱ ነው።

ክሊኒኩ ውስጥ ያለው ጠረጴዛ መሃሉ ክፍት ነው። ውሻው በጎኑ ይተኛል፣ ሐኪሟ ከስር እጇን አስገብታ የአልትራሳውንዱን መሣሪያ ደረቱ ላይ ታሳርፋለች፣ ልቡ ስክሪኑ ላይ ብቅ ይላል። ልጅቷ ራስ ያዘች፣ አባቷ እግር። አንዱ ወጣ፣ ሌላው ገባ። ሐኪሟ በእያንዳንዱ «ይሄም ታሟል» እያለች ራሷን ወዘወዘች።

ከዚያ ጨዋው ተኛ። መያዝም አላስፈለገው።

«አየኸው፣ ሐኪም ቤት እንኳን ያኮራል» አለች ልጅቷ። ማንም አልሳቀም።

«የልቡ ግድግዳ ሳስቷል» አለች ሐኪሟ ስክሪኑን እያሳየች። «ልቡ እንዳረጀ ላስቲክ ተለጥጧል። ይመታል እንጂ ደሙን አይገፋም። ቶሎ ይደክመው ነበር?»

«ኧረ በፍጹም! ጨዋ ስለሆነ ነው የሚጋደመው። ከቡችላነቱ ጀምሮ ከሁሉ ቀድሞ...» አባቷ አፉ እንደተከፈተ ቀረ።

ሬዲዮዋም ጠፋች።

«ረጋ ያለ ሁሉ በሽተኛ አይደለም» አለች ሐኪሟ ቀስ ብላ። «እናንተ ግን የደከመውን ነው ስትመርጡ የኖራችሁት።»

የቀረችው ቀበጧ ብቻ ነበረች፤ የጨዋው እህት። ከአንድ ሆድ ወጥተው እሱ መነኩሴ፣ እሷ ሽፍታ። ጫማ ትበላለች፣ አጥር ትዘላለች፣ እንግዳ ታዋርዳለች። ጠረጴዛው ላይ ለማስተኛት ሦስቱም ላባቸው ጠብ አለ።

ሐኪሟ ስክሪኑን ደጋግማ አየች። ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሷ ታየ። «ይቺ ጤነኛ ናት! ልቧ እንዴት እንደሚመታ እዩልኝ! ከሷ እንጀምራለን!»

ልጅቷ ቀና ብላ አባቷን አየችው። አባቷ ግድግዳውን ያያል።

«ዶክተር...» አለ። ቀበጧን በጀርባዋ ገለበጣትና ጠጉሩን ገለል አድርጎ ሆዷ ላይ ያለውን ጠባሳ አሳየ። ዓምና ነው ማህፀኗን ያስወጣው። «ቅብጠት እንዳይራባ» ብሎ ያን ቀን ቀልዶ ነበር። ልጅቷም ስቃ ነበር።

ሐኪሟ ጓንቷን አወለቀች።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለ አባቷ፤ ለማንም አልነበረም የሚናገረው።

ወደ ቤት ሲመለሱ መኪናው ውስጥ የሚሰማው የውሾቹ ትንፋሽ ብቻ ነበር።

«አውሪ እንጂ፣ ሬዲዮ» አላት። «የፈለግሽውን አውሪ። ስደቢኝም።»

ልጅቷ እጇን ወደ ኋላ ሰድዳ የጨዋውን ጆሮ ዳሰሰች።

ቤት ሲደርሱ ጨዋው እንደልማዱ ጥላው ስር ሄዶ ተጋደመ። ልጅቷ አጠገቡ ቁጭ ብላ እጇን ደረቱ ላይ አሳረፈች። ለካ ሲደክመው ነበር ሲመሰገን የኖረው። ቀበጧ የአባትየውን ጫማ ነክሳ ግቢውን ትዞራለች፣ ትዞራለች። ተይ ያላት የለም።