የወጥ ቤቱ ጋዝ

የባንኮክ ታክሲ ነጂው ታዊ የወጥ ቤቱን ሲሊንደር ዘቅዝቆ ጋዙን በቱቦ ወደ መኪናው ታንክ ሲገለብጥ፣ ሚስቱ ዋንፔን ደጃፉ ላይ ቆማ ታየው ነበር።

«ይቅርብህ፣ እንደ ሰው ከማደያ ቅዳ» አለችው።

«መንግሥት የድስቱን ጋዝ ደጎመ፣ የመኪናውን ቀረጠ። እኔም መኪናዬን ድስት ነሽ አልኳት» ብሎ ሳቀ።

ወዲያው ቱቦው ከታንኩ አፍ ላይ ላላና ጋዙ እያፏጨ ያፈተልክ ጀመር፤ ሽታው ግቢውን ሞላው። ዋንፔን ዞር ስትል አማቷ እንደ ማለዳ ልማዳቸው የቤቱ አድባር በሚያድርባት ትንሽ ጎጆ ፊት ቆመው፣ የዕጣን እንጨት ይዘው ክብሪት ሊጭሩ ነው። ሮጣ ክብሪቱን ከእጃቸው ነጠቀች።

«ምን ነካሽ ልጄ?» አሉ አማቷ ተቆጥተው። «መንገድ ላይ ክፉ እንዳያገኘው ልለምንለት እኮ ነው።»