ቤት ያልደረሳቸው ጀርመኖች

«ስንት ዓመታቸው ነው እዚህ ሲጠብቁ? የሶክኑት ሰው መጥቶ አያያቸውም?» አለች ጌጥነሽ ለዳቪድ። ሶክኑት ማለት እኛን አይሁዶቹን ከኢትዮጵያ አምጥቶ ቤት እስኪደርሰን የሚያሰፍረን መሥሪያ ቤት ነው።

ሁለቱ ጀርመናውያን አዛውንት ባልና ሚስት ከመኪና ቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠው፣ የሰጠቻቸውን የሰንበት ዳቦ እንደታቀፉ ግራ ተጋብተው ያዩናል።

ዳቪድ በከተማችን በቂርያት ጋት ከኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖር፣ ታንጀር የተወለደ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ማላጋ ያለው ወንድሙ አልጋና ምድጃ ያለው መኪና ስላለው፣ በጸደይ የስፔንን ባሕር ዳር ዳሩን ላዙራችሁ ብሎ እኔን፣ ጎረቤቴን ጌጥነሽንና ባሏን ይኄይስን ይዞን መጣ። ይኄይስ ለቲኬቱ ክረምቱን ሙሉ ፋብሪካ ትርፍ ሰዓት ሠርቷል። ከኢትዮጵያ ከመጣን ወዲህ ሚስቴን አንድ ቀን አርፋ አላየኋትም ይል ነበር። የምናድረው መኪናው ውስጥ መሆኑን ግን አልነገራትም፤ ወንድ ልጅ ሲፈራ እንዲህ ነው።

ጌጥነሽ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ከመጣች በኋላ ሁለት ክረምት ካራቫን በሚሉት የቆርቆሮ ቤት ሰፈር ቤት ስትጠብቅ ኖራለች። የቂርያት ጋት ቤቷ ቁልፍ የተሰጣት ዕለት ዳግመኛ ቆርቆሮ ውስጥ አልተኛም ብላ ምላለች። ማላጋ ላይ መኪናውን ስታይ ሻንጣዋ ላይ ቁጭ አለች። በስንት ልመና፣ እስከ ሰንበት እታገሣለሁ፣ ካልተመቸኝ በማግሥቱ ወደ ቤቴ አለች።

ከዚያ ወዲያ ጉዞው ቀስ ያለ ነበር። ጥቂት እንነዳለን፣ ብርቱካኑ ያበበበት እንቆማለን፣ ዓሣ አጥማጆች አሸዋው ላይ የጠበሱትን ሳርዲን እንበላለን። ይኄይስ በየማረፊያው ፍራሹን እያስተካከለ «ተመቸሽ?» ይላታል። እሷ «እያየሁ ነው» ትለዋለች። ምስኪኑ ከባሕሩ ይልቅ ፊቷን ሲያይ ከረመ።

ዓርብ ዕለት የመኪና ቤቶች በተርታ የቆሙበት ዳርቻ ደረስን፤ ነዋሪዎቹ ሁሉ አዛውንት ናቸው። ጌጥነሽ ደረቷን ይዛ አየቻቸው። ፀሐይ ሳትጠልቅ በድስት ዳቦ ጋገረችና ለቅርቦቹ ወስዳ ሰጠች፤ ያን ጥያቄ የጠየቀችውም ያኔ ነው።

ዳቪድ በስፓኝኛ ጠይቆ መለሰላት። አገራቸው ጓሮ ያለው ትልቅ ቤት አላቸው፤ በየጸደዩ ቆልፈውት ይመጣሉ።

«ቆልፈውት?» አለች ጌጥነሽ። ጀርመናዊቷ ወንበር አወጣችላት።

በሰንበት መኪናው አይነዳ፣ እሳት አይነድ፤ ሁለቱ ሴቶች ባሕሩን እያዩ ዋሉ። አንዷ በጎንደር አማርኛ፣ አንዷ በጀርመንኛ፤ ስለ ጉልበታቸው ሕመም ግን በደንብ ተግባብተዋል።

ሰንበት እንደወጣ ይኄይስ ፍርድ እንደሚሰማ ሰው ኮፍያውን አውልቆ ቀረበ። እኔ የመኪናውን መስታወት የምወለውል መስዬ ጆሮዬን ሰጠሁ።

«እንግዲህ ነገ ወደ ቤት ነው ወይስ ወደፊት?» አላት።

ጌጥነሽ ከወንበሯ ሳትነሣ ወደ ጀርመኖቹ በአገጯ አሳየችውና ሳቅ አለች።

«እነዚህ ምስኪኖች ቤት ሳይደርሳቸው ጥያቸው ልሂድ?»