እሳት የበላው ስም

«ታዲያ ስሙን መልሺው! እንደ ሰጠሽው ሄደሽ መልሺው!» አለች ፀሐይ፣ የታመመ ልጇን የአቤሴሎምን ስልክ በእህቱ በናዝሬት አፍንጫ ሥር እያወዛወዘች።

«እማዬ፣ ቀስ በይ፤ ይሰማል።»

«ይስማ! ስሙን ያቃጠለችው የገዛ እህቱ መሆኗን ይስማ!»

አባትየው ጥሩነህ ኦስሎ ዳር፣ አልናብሩ ካለው መጋዘን እንደ መጣ የሥራ ልብሱን እንኳ ሳያወልቅ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። «ለመታጠብ ከሆነ» አለ፣ ነገሩን በቀልድ ሊያበርድ፣ «ፍልውሃ እኛም አገር ሞልቷል። ጃፓን ድረስ ምን አስኬዳት?»

«አንተ ዝም በል! ያንተ ሳቅ ነው ለዚህ ያበቃት።»

ስልኩ ላይ ያለው፣ ናዝሬት ከጃፓን ለወንድሟ የላከችለት የአንዲት ቀጭን እንጨት ፎቶ ነው። ከጃፓን ፊደል ጎን በጥቁር ቀለም፣ በአማርኛ፣ «ኃይለ ሚካኤል» ተብሎ ተጽፎባታል። ፀሐይ ስልኩን ያነሳችው አቤሴሎም ስልኩን ለመያዝ ስለደከመው መዝሙር ልትከፍትለት ብላ ነበር። የልጇን የክርስትና ስም ከቤተሰቡና ከካህኑ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እሷ ባደገችበት ሰፈር የክርስትና ስም እንደ ዋዛ አይነገርም፤ ደጋሚ እጅ ከገባ ያሳብዳል፣ ይገድላል ይባላል። የኦስሎን ትምህርት ቤቶች ወለል ስትወለውል ዕድሜዋን ብትፈጅም ይህ ፍርሃት ለአንድ ቀን ተለይቷት አያውቅም።

ጉዞው እንኳ የአቤሴሎም ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ ጃፓን ሲባል ነፍሱን አያውቅም። እንደ ፈረንጆቹ በ2017 የፋሲካ ሰሞን ከእህቱ ጋር ሊሄድ ትኬት ቆርጦ ዝግጅቱን ሲጨርስ የደም ካንሰር እንዳለበት ተነገረው።

«አንቺ ሂጂ» አላት። «ያን የፍልውሃ ከተማ ቤተ መቅደስ እይልኝ።» እናታቸው ወጥ ቤት መሆኗን አረጋግጦ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስም እንጨት ላይ ጽፈው ያቃጥላሉ። በሽታውም አብሮ ይነዳል ይላሉ። የኔንም ጻፊልኝ። የክርስትናውን፣ ዋናውን።»

«አቢ፣ እማዬ ብትሰማስ?»

«አትሰማም። ደሞስ፣ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ?» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አላየችውም።

ናዝሬት የሄደችባት የጃፓን ከተማ ተራራ ሥር ተሸጉጣለች። ከመንገዱ ዳር ቦይ እንፋሎት ይወጣል፤ አየሩ የተቀቀለ እንቁላል ይሸታል። ሰዉ ቀጭን ካባ ለብሶ፣ በእንጨት ጫማ ቋ ቋ እያለ ከአንዱ መታጠቢያ ወደ ሌላው ይዘዋወራል። ቤተ መቅደሱ ከሁሉም በላይ ነው። የድንጋይ ደረጃው ከብዙ ዘመን እግር የተነሳ መሐሉ ጎድጉዷል፤ ምሰሶዎቹ በጢስ ጠቁረዋል። ናዝሬት ደጁ ላይ ስትደርስ ልታማትብ እጇን አነሳች፤ መልሳም አወረደችው።

ግቢው ውስጥ ፍልውሃ የሚወርድበት የቡድሃ የድንጋይ ሐውልት ነበር። አሮጊቶች ተሰልፈው፣ በጭልፋ እየቀዱ፣ እነሱን የሚያማቸውን ቦታ እሱ ላይ ያጥባሉ። ጉልበቷን የሚያማት ጉልበቱን፣ ወገቧን የሚያማት ወገቡን። ተራዋ ሲደርስ ናዝሬት ጭልፋውን እንደ ያዘች ቀረች፤ ደም የሚያመው ሰው የቱ ጋ ነው የሚታጠበው? በመጨረሻ ከራሱ ጀምራ እስከ እግሩ፣ ምንም ሳታስቀር አጠበችው። ከኋላዋ ያሉት አሮጊቶች አላጉረመረሙም።

ከዚያ የቤተ መቅደሱ መነኩሴ በከበሮ ድምፅ መሐል ስሙ የተጻፈባትን እንጨት እሳት ውስጥ ጨመራት። ናዝሬት ፊደሉ ሲጠቁር፣ ሲጣመም አየች፤ ለጥቂት ጊዜም አመነች። ኦስሎ ስትመለስ ሐኪሞቹ ሕክምናው አልሠራም፣ መስከረምን ማየቱን እንጃ አሉ። እሷም ትቬይታ ሰፈር ያለውን ክፍሏን ዘግታ እዚህ ሃውገሩድ፣ ወላጆቿ ቤት፣ ከወንድሟ አልጋ ሥር ፍራሽ ዘርግታ ማደር ጀመረች። ከእንግዲህ የምትፈልገው ይህንኑ ነበር፤ እስከ መጨረሻው አጠገቡ መሆን።

ጭቅጭቁ ሳይበርድ የበሩ ደወል ጮኸ። ቄስ ዘካርያስ ናቸው፤ ሁለት የማኅበር ሴቶች ጸበል በጄሪካን ይዘው ተከትለዋቸዋል። ፀሐይ መስቀል እንኳ ሳትሳለም ስልኩን አቀበለቻቸው። ቄሱ መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት።

«ስም አይቃጠልም፣ እኅቴ» አሉ። «እግዚአብሔር ዘንድ የተጻፈን ስም እሳት አይበላውም። ግን እሁድ ይቁረብልኝ ብለሽኛል። እንግዲህ መጠየቄ አይቀርም። ልጁ ፈቅዶ ያደረገው ከሆነ ንስሐ ገብቶ ቀኖናውን ሳይፈጽም አይሆንም። ሳያውቅ ከሆነ ግን ዕዳው የሷ ነው።»

«የሷ ነው እንጂ! ልጄ እንዲህ ያለ ነገር ያደርጋል ብለው ነው?»

ተያይዘው ወደ ታማሚው ክፍል ገቡ። አቤሴሎም ወደ መስኮቱ ዞሮ ተኝቷል። ሁሉንም ሰምቷል።

«ልጄ» አሉ ቄሱ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ «ይህን አንተ ነህ ያዘዝከው?»

አቤሴሎም እህቱን አየ። ናዝሬት በምትሠራበት ባርነሃገ፣ በመዋዕለ ሕፃናቱ፣ ከልጆች ጋር ስለምትውል ይህን አስተያየት ታውቀዋለች፤ ብርጭቆ የሰበረ ልጅ ጓደኛውን ከመጠቆሙ በፊት የሚያየው እንዲህ ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ ተቆጥታው አታውቅም።

«ናይ፣ አይደለሁም፣ አባ» አለ። «አላውቅም ነበር።»

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። ወንድሟ ግን መልሶ ወደ መስኮቱ ዞረ።

«በራሴ ነው» አለች ናዝሬት። «እሱ አያውቅም።»

ፀሐይ አልጮኸችም። እንደ ደከመ ሰው ግድግዳውን ተደግፋ፣ «ጸበሉን እስኪጨርስ ዓይንሽን እንዳላይ» አለች።

«ስንት ጊዜ ይወስዳል?» ሲል ጠየቀ ጥሩነህ።

«እስኪድን ነዋ!»

ቄሱ ተነሥተው፣ «ኃይለ ሚካኤል» ብለው ጮክ አድርገው ጠሩት፤ ያ ሲደበቅ የኖረው ስም ሴቶቹ ጆሮም ገባ። ጸበሉ ደረቱ ላይ ሲያርፍ አቤሴሎም ተንሰፈሰፈ።

«ይቀዘቅዛል» አለ። «ትንሽ ሞቅ ቢደረግልኝ።»

«ጸበል አይሞቅም፣ የኔ ጌታ። ቻለው» አለች እናቱ።

ናዝሬት ፍራሹን አጥፋ ከበሩ ኋላ አቆመችው። ኮሪደሩ ላይ ጃኬቷን ለብሳ፣ ከእንግዶቹ ጫማ ሥር የራሷን ፈልጋ አወጣች።

«ፎጣ! ፎጣ አቀብሉኝ!» የሚል የእናቷ ድምፅ መጣ። ጥሩነህ ከመታጠቢያ ቤቱ ፎጣ ይዞ፣ በአጠገቧ ሮጦ አለፈ። ናዝሬት ጎንበስ ብላ የሁለተኛ እግሯን ጫማ ክር አሰረች፤ የቤቱን ቁልፍ መስተዋቱ ሥር አኖረች፤ በሩን ቀስ አድርጋ ከኋላዋ ሳበችው።