የገጽ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሥዕል

ለሚመለከተው ሁሉ! ለተማሪዎች በሚዘጋጀው ባለሥዕል የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት፣ በገጽ አራት መቶ አሥራ ሁለት፣ «አግሊ» ከሚለው ቃል ጎን፣ ሁለት ጣት በሁለት ጣት የሆነ አንድ ፎቶግራፍ በክብር መቀመጡ ይታወቅ። ፍቺው «ለዓይን የማያምር፣ አስቀያሚ፤ ለፊትም፣ ለቁስልም፣ ለጠብም ይነገራል» ይላል። ፎቶው የመዝገበ ቃላቱ አራሚ ነው።

አራሚው መነጽሩን አወለቀ፤ ጠረገው፤ መልሶ አጠለቀው። ፎቶው ያው ነው።

ገጽ አቀናባሪው እየሮጠ መጣ። «አፈር ስሆን ጋሼ! ያው እንደ ልማዳችን ሥዕሉ እስኪደርስ ቦታ ይያዝ ብዬ የመታወቂያ ፎቶዎን ለጥፌ ነው። የጸሐፊዋም ‹አምብሬላ› ላይ ነበር፤ ጃንጥላው ሲመጣ አነሣነው።»

«የኔስ?»

«ሦስት ሰው አይቶ ፈርሞበታል… ትክክለኛው ሥዕል መስሏቸው።»

ከኮምፒውተሮቹ ጀርባ አንዱ ሳቁን ሊውጥ ሲታገል ትን አለው።

አራሚው በመልኩ ሲቀለድበት የዛሬ አልነበረም፤ ቆዳው ደንድኗል። ሆዱን የበላው ሌላ ነው። ይህ መጽሐፍ በሚቀጥለው ወር አራተኛ ክፍል ይገባል፤ ልጁም አራተኛ ክፍል ናት። ጠዋት ጠዋት በር ድረስ ስለሚያደርሳት ክፍሉ በሙሉ ያውቀዋል። ልጆች ደግሞ ምሕረት የላቸውም።

ሥራ አስኪያጁ ደረሰ። «በቃ ይነሣና ዝንጀሮ ይግባበት፤ ምን ያካብዳል? ግን እውነቱን እንነጋገር…» ፎቶውን አዘንብሎ አየው። «ቃሉን ጥሩ አድርጎ ያስረዳ ነበር።»

አራሚው ቀይ ብዕሩን አነሣ። በዚያ አሳታሚ ቤት የአራሚ ቀይ ቀለም የመጨረሻ ነው፤ ከራሱ በቀር የሚሽረው የለም። ደንቡን ያወጣው ራሱ ሥራ አስኪያጁ ነው። ፎቶውን ከበበና በኅዳጉ ጻፈ፦ «ይህ ቃል ሥዕል አያሻውም። ፎቶው ወደ ገጽ ሃያ ስምንት፣ ‹ቢዩቲፉል› ጎን ይዛወር። እዚያ ያለችው ጽጌረዳ ትውጣ።» ፈረመ።

«ቢዩቲፉል? ውብ? አንተ?»

«እኔ።»

«ሰው ምን ይላል?»

«ይለምደዋል።»

«እንዴ! ወላጅ ቢጠይቀኝ፣ መምህር ቢጠይቀኝ ምን ልበል? ምክንያት ይኖርሃላ! አስረዳኛ!»

አራሚው የሚቀጥለውን ገጽ ወደ ራሱ ሳበ።

«አላስረዳም።»