የተዞረ ጀርባ

«የያርኮ እግር ካለቀ ሰነበተ እኮ። እኛ ነን ስሙን እያየን ስናጨበጭብ የከረምነው» አለ ቴሮ ከአውቶቡሱ የኋላ ወንበር።

«ባለቀ እግሩ አምና ከሁሉም የበለጠ ጎል ያገባው ማነው ታዲያ? አንተ ነህ?» አለችው ሪትቫ።

አውቶቡሱ ገና ከበረዶ ሆኪ አዳራሹ ደጅ አልተነሳም። ሾፌሩ የፊት መስታወቱ ላይ የተጋገረውን በረዶ ፍቆ መግባቱ ነው። የኮስኪላ ክለብ ደጋፊዎች ግን ጓንታቸውን እንኳ ሳያወልቁ ጭቅጭቁን ጀምረውታል። አንዴ ለፊንላንድ ብሔራዊ ቡድን ሳይቀር የተሰለፈው ያርኮ፣ ዕድሜውን ሁሉ ለኮስኪላ ጎል ሲያገባ ኖሮ፣ አርባ ሊደፍን ሲል ለወንዝ ማዶዎቹ ተቀናቃኞች ፈርሟል። ዛሬ በእነሱ ማልያ ሊገጥማቸው ነው።

እናቱ አውኔ ከሾፌሩ ጀርባ ተቀምጣለች። ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ አያውቅም። ጭኗ ላይ ሩዝ የተሞሉ ትንንሽ ቂጣዎችን የያዘ ሣጥን አለ፤ ያለ እሱ ተጉዘው አያውቁም። ለቡድኑ አዲስ ተጫዋች በመጣ ቁጥር የሱፍ ካልሲ የምትሠራውም እሷ ናት። ዘንድሮ በልጇ ቦታ ለገባው ጎረምሳም ሠርታለታለች።

ግማሾቹ ያርኮን ከሃዲ፣ ሆዳም አሉት። ግማሾቹ ክለቡ ነው የገፋው ብለው ተከራከሩ። አውኔ ግን እውነቱን ታውቀዋለች። በጸደይ ወራት ያርኮ ማዕድ ቤቷ ገብቶ ካፖርቱን ሳያወልቅ ነግሯታል፤ «እንዳትነግሪያቸው፤ ከሚታዘንልኝ ብሰደብ ይሻለኛል» ብሎም አስምሏታል።

የደጋፊዎቹ ሊቀመንበር ሴፖ ተነሥቶ ጉሮሮውን ጠረገ። የአውኔ ጎረቤት ነው፤ ፊደልም አብረው ቆጥረዋል። እንደ ልማዳችን ይሁን ወይ ሲል ጠየቀ። ልማዱ፣ ወንዝ ማዶ የተሻገረ ተጫዋች ስሙ ሲጠራ ሁሉም ቆመው ጀርባቸውን ወደ ሜዳው ማዞር ነው። ላሴ የተባለው ተጫዋች ወደ ማዶ የሄደ ጊዜ አውኔም አዙራለች፤ እንዲያውም ስቃ ነበር። የላሴ እናት በዚያ ቀን የት እንደነበረች ግን ጠይቃ አታውቅም።

እጆች ተነሡ። የሪትቫ እጅ ዘግይቶ፣ ግን ተነሣ።

«አውኔ፣ ባንቺ አንጨክንም» አለ ሴፖ። «ግን የምትቆሚው መሃላችን ነው። አንድ ሰው ካልዞረ ግድግዳው ግድግዳ አይሆንም።»

«ስሙ ሲጠራ ሽንት ቤት ብቅ ይበሉ፤ ማን ያይዎታል» አለ ቴሮ። ሳቁ። ክፋት የለበትም ሳቃቸው።

አውኔ ወደ ኋላ ዞረች።

«የክለቡን ኃላፊዎች ለምኗቸዋል» አለች። «አስቀሩኝ፣ ተጠባባቂም ልሁን ብሎ ለምኗቸዋል። እንቢ አሉት።»

ሴፖ ትከሻዋን መታ መታ አደረገ።

«እናት ይህን ካላለች ማን ይላል» አላት በለሆሳስ፤ ሄዶም ተቀመጠ።

ከኋላ፣ የያርኮን ፍጥነት የገደለው ጉልበቱ ነው ወይስ ስንፍናው በሚል ክርክሩ እንደገና ተነሣ። አውኔ የማለችውን መሐላ አፍርሳ እውነቱን ሰጥታቸው ነበር፤ አንድም ሰው ከመሬት አላነሣውም።

ሣጥኑን እንደ ወትሮዋ ከኋላዋ ላለው አቀበለች። ያም አንዱን ወስዶ ቀሪውን ለቀጣዩ አሳለፈ። የክለቡን የአንገት ልብስ ከአንገቷ ፈትታ አጣጥፋ ወንበሩ ላይ አኖረች። ከዚያ ለሾፌሩ በሩን አመለከተችው። ሰዓቱን እያየ ከፈተላት፤ እንደወረደችም ዘጋው።

ውጭ ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። በትንፋሽ በደበዘዘው መስታወት በኩል ሴፖ ቂጣውን ሲገምጥ፣ ቴሮ አፉን ሞልቶ እያወራ እጁን ሲያወናጭፍ ታዩዋት። አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ፤ የፋብሪካውን አጥር ተከትሎ ወደ ድልድዩ ታጠፈ።